የታኘከው ሽቦ

ሽቦው የተቆረጠው ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ጠዋት ነው። ከክር ብዙም የማይወፍር፣ በላፕቶፕ ስክሪን ጠርዝ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሽቦ ነው፤ ሥራውም አንዲትን እናት ለልጇ ማሳየት ብቻ ነበር። ሰኞ ዕለት የኮምፒውተር ጠጋኙ የስክሪኑን ክፈፍ አንስቶ ሲያይ ለሁለት ተከፍሎ አገኘው። ያረጀ አይደለም፤ የተቃጠለም አይደለም። የሰው እጅ ገብቶበታል።

እጁ የማንም ይሁን የማን፣ ምንም አልሰረቀም። ላፕቶፑ ከነቻርጀሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። የስፌት መኪናው፣ የደንበኞች ጨርቅ፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለው አዲስ ኮት፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ቁልፉም አልተሰበረም። የቤቱ ባለቤት ግን ብቻዋን የምትሠራ፣ መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሌባ ከኋላዋ ቆሞ ቢያፏጭ እንኳ አትሰማም። ሩቅ ከተማ የሚማረውን ልጇን እንቅልፍ የነሳውና ለፖሊስ አቤት ያሰኘው ይኸው ነው።

«የካሜራ ግድያ ደርሶሃል» አለ የጣቢያው አዛዥ ረቡዕ ጠዋት፣ የልጁን አቤቱታ ወደ ኢንስፔክተሩ እየገፋ። «ሟች ካሜራ፣ ገዳይ ያልታወቀ።»

«ማሾፍህ ነው?»

«በፍጹም። ሌሎቹ ይቸኩላሉ፤ አንተ አትቸኩልም።»

እውነቱን ነው። ጣቢያው ውስጥ ኢንስፔክተሩን ሁሉም «እንቁላሉ» ነው የሚለው። ገና ጀማሪ ሳለ አንድ አለቃ ቶሎ ቶሎ በል እያለ ሲያዋክበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ መለሰለት፤ ተረቱ ተረሳና እንቁላሉ ቀረ። ኋላ ላይ ፀጉሩ ሲሳሳ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ጸና።

እንቁላሉ መጀመሪያ የደወለው ለልጁ ነው።

«እናቴ በአፏ አትናገርም» አለ ልጁ በጥድፊያ። «እኔና እሷ የምናወራው በእጅ ነው። ለሌላ ሰው ካሜራ ሲበላሽ የሚጠፋው ምስል ነው፤ ለእኔ ግን ድምፅዋ ነው የጠፋው።»

«አትጻጻፉም?»

«እሷም ቤቷ ያለችው ተከራይም ያላቸው ካሜራ የሌለው ተራ ስልክ ነው። ‹ደህና ነኝ፣ ብላ፣ ተኛ› ትለኛለች። ይህንንማ ማንም ሊጽፈው ይችላል! እሷ ትሁን ሌላ ሰው በምን አውቃለሁ? ደግሞ ካሜራው የጠፋው አንዴ ብቻ አይደለም። ይጠገናል፣ ይጠፋል። ይጠገናል፣ ይጠፋል። አሁን ደግሞ ጭራሽ ተቆረጠ። አንድ ሰው እናቴን እንዳላያት እየከለከለኝ ነው።»

«የምትጠረጥረው አለ?»

«አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ‹ቤቱን ዝጊና እኛ ጋ ነይ› እያለ ይነዘንዛታል። እንዲህ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል።»

«አንተስ ምን ልታደርግ አሰብክ?»

«ሰኞ የመመረቂያ ፈተናዬ ይጀምራል። አባቴ ሲታመም ትምህርቴን አቋርጬ መጥቼ ነበር፤ ሁለተኛ ካቋረጥኩ እንደማይቀበሉኝ ነግረውኛል። ግን ትኬት ቆርጫለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ከተሳፈርኩ ለፈተናው አልመለስም። እስከዚያ ማን እንደሆነ ከደረሳችሁበት እቀራለሁ። ካልደረሳችሁበት ፈተናው ገደል ይግባ፣ እመጣለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ኮፍያውን አነሳ። በዚያ ጠዋት፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ መቸኮል አማረው።

*

የጠጋኙ ሱቅ አንድ ሰው ቆሞ ሌላው ተቀምጦ ብቻ የሚገባበት ነው። ግድግዳው ሙሉ ሆዳቸው የተዘረገፈ ላፕቶፖች ተደርድረዋል። ጠጋኙ ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ ካቻቢቴውን በጥርሱ ይዟል፤ ፖሊስ ሲያይ አወረደው።

«ካሜራ እምቢ ሲል ሰው ሁሉ ተሰበረ ብሎ ነው የሚመጣው» አለ። «አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። መጀመሪያ ሌንሱ ላይ የተለጠፈ ነገር እንዳለ ይታያል። ቀጥሎ ኪቦርዱ ላይ ካሜራውን የሚያጠፋ ቁልፍ አለ፤ እሱ ሳይታወቅ ተነክቶ እንደሆነ ይታያል። ሌላ ፕሮግራም ካሜራውን ይዞት ሊሆን ስለሚችል አጥፍቶ ማብራት ነው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ተገብቶ ካሜራው ፈቃድ ተከልክሎ እንደሆነ ይጣራል። ካቻቢቴ የሚነሳው ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ነው።»

«የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው» አለ እንቁላሉ። «ከቀላሉ ነው የምንጀምረው። የዚህኛው የትኛው ነበር?»

«የዚህኛው ጉድ እኮ ሁሉም በየተራ መድረሱ ነው! መጀመሪያ ሌንሱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ተገኘ፤ ቤቷ የተከራየችው ልጅ ላጠችው። በሳምንቱ ቁልፉ ተነክቶ ተገኘ፤ እሷው አበራችው። ቀጥሎ ሴቲንጉ ተዘጋ። ይኼ ለእሷም ከበዳትና ልጅየው እኔን ላከኝ። ቅዳሜ ሄጄ ከፈትኩት። እግረ መንገዴን ሽቦው ላልቶ እንዳይሆን ብዬ ክፈፉን አንስቼ አየሁ። ደህና ነበር። ከልጅየው ጋርም ተያየን።»

«እናትየውንም አያት?»

«እሷማ የደንበኛ ሥራ አለብኝ ብላ በምልክት አሳይታን ወደ ጓዳ ገባች። የእኔንና የተከራይዋን ፊት ነው ያየው። እሑድ ጠዋት እንደገና ጨለመ፤ ሰኞ ሄጄ ስከፍተው ተቆርጧል።»

«ቅዳሜ ክፈፉን ስታነሳ እነማን ነበሩ?»

«እናትየው፣ ተከራይዋና የሟች ባለቤቷ ወንድም። ሽቦዋን በካቻቢቴ ጫፍ እየነካሁ ‹ነርቩ ይህች ናት፤ ይህች ከሄደች ዓይኑ ጠፋ ማለት ነው› ብዬ አሳየኋቸው።» ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። «ምን አስቀባጠረኝ!»

«ብልሽት ሲደጋገም የሚጠቀመው ጠጋኝ ነው ይባላል» አለ እንቁላሉ ቀስ ብሎ።

ጠጋኙ አልተቆጣም። «ልክ ነዎት፣ እኔም ብሆን እኔን ነበር የምጠረጥረው። ግን ቅዳሜ ከዚያ ቤት የወጣሁት በአጎትየው መኪና ነው። እሑድን ሙሉ አማቶቼ ዘንድ ጣሪያ ሳለብስ ዋልኩ። አማቴን ይጠይቋት፤ እኔን ለማዳን ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም።»

ከመሳቢያው የተቆረጠውን ሽቦ አውጥቶ ከማጉያው ሥር አኖረው። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ጫፉ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም። ታጥፎ፣ ተጨፍልቆ፣ በመጨረሻ ተበጥሷል፤ አይጥ ያኘከው ይመስላል።

«የሰውየው መቀስ ዱልዱም ነበር» አለ ጠጋኙ።

«ይሆናል» አለ እንቁላሉ። ሽቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

*

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርስ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። መጥሪያውን ሲጫን ውስጥ ደወል አልጮኸም፤ የሳሎኑ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ።

ከፈተችላቸው። ፀጉሯ የሸበተ ቀጭን ሴት ናት፤ ክንዷ ላይ ቡናማ ጨርቅ ታቅፋለች፣ ቀኝ የእጅ አንጓዋ ላይ መርፌ የሚሰካባት ትንሽ ትራስ አስራለች። ኢንስፔክተሩ እጁን ሲዘረጋ በታቀፈችው ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችው። ቤቱ እንደ እሷ የተሰበሰበ ነው። ከስፌት መኪናው በላይ ከልጇ ጋር የተነሳችው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል።

«ቅዳሜ ማታ ቤትዎ ሰው ገብቶ ነበር?» ሲል ጠየቀ። አስተርጓሚዋ በእጇ አስተላለፈች፤ ሴትየዋ መለሰች።

«ማንም አልገባም ትላለች። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ተዉት ትላለች።»

«ሽቦው ግን ተቆርጧል።»

«ማሽን ነው፣ ያልፋል። ልጄን ግን አረጋጉልኝ፣ ፈተና አለበት ትላለች።»

እንቁላሉ ቤታቸው የተደፈረባቸውን ብዙ ሰዎች አይቷል። በሩን ደጋግመው ይፈትሻሉ፣ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ይህች ሴት አንዴም ወደ በሩ አላየችም። የምታየው ወደ ላፕቶፑ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ትልቁ የጨርቅ መቀስ ተቀምጧል። አስፈቅዶ አነሳውና ቁራጭ ጨርቅ ሞከረበት። ጨርቁ እንደ ውሃ ተከፈለ። ዱልዱም አይደለም።

ያን ጊዜ የገዛ ልጁ ትዝ አለችው። የመጨረሻ ልጁ ግራኝ ናት። ትንሽ ሳለች ወረቀት ለመቁረጥ ስትታገል መቀሱ ወረቀቱን እያጠፈ፣ እያኘከ ያስለቅሳት ነበር። መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነገር መሆኑን አባትየው ያወቀው በእሷ እንባ ነው፤ በግራ ሲይዙት ሁለቱ ስለቶች ይላቀቃሉ እንጂ አይገናኙም። መቀሱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና እንደገና ሞከረ። ጨርቁ በስለቶቹ መካከል ታጠፈ፣ ተጨመደደ፣ ጫፉ ላይ ተበጠሰ።

ቀና ሲል ልብስ ሰፊዋ ትክ ብላ እያየችው ነበር። ዓይኗን ቶሎ ወደ ጨርቋ መለሰች።

*

ተከራይዋን ያገኛት በምትሠራበት የአውቶቡስ ጣቢያ፣ በትኬት መስኮቷ በኩል ነው። ሰልፍ ስለነበረ የምትመልስለት በሁለት መንገደኛ መካከል እየነጠቀች ነበር።

«እትዬን? እኔ እትዬን? እናቴ ማለት እኮ ናቸው... ሄድ በል ወንድሜ፣ ሦስተኛው በር። ቅዳሜ ጠጋኙ እንደወጣ የማታ ፈረቃ ገባሁ፤ ከዚያ እህቴ ጋ አደርኩ። ተቆጣጣሪያችንን ይጠይቁ።»

«ከዚያ በፊት ካሜራውን ያስተካከልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ፕላስተሩን ስልጠው ‹እትዬ፣ ይቺ እኮ ናት ዓይኑ› ብዬ አሳየኋቸው። ‹ደግሞ ይኼ ቁልፍ ከተነካ ይጠፋል፣ እንዳይነኩት› ብዬ ቁልፉንም አሳየኋቸው። በኋላ ቁልፉ ተነክቶ ሳገኘው አበራሁና፣ ሴቲንጉ ውስጥም ሌላ ማጥፊያ እንዳለ አሳየኋቸው፤ እንዲለምዱት ብዬ ነው። እትዬ ሲያሳዩአቸው ቶሎ ይገባቸዋል።»

«ሁልጊዜ ታሳዪያቸዋለሽ?»

«ታዲያ! ሰው ሳይኖር ቢበላሽባቸውስ?»

ትኬቱን ቀድዳ የሰጠችው በቀኝ እጇ ነው፤ የጻፈችውም በቀኝ ነው። ኢንስፔክተሩ ልብ አለ።

«ስለ አጎትየው ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ክፉ ሰው አይደለም። ግን በመጣ ቁጥር ‹ይህን ቤት ልቀቂ› ነው። እትዬ ደግሞ አይለቁም። የሚቀጥለው!»

*

ሐሙስ ጠዋት እንቁላሉ አናጺው አጎት የሥራ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው እጁን ነው። ሰውየው ጣውላ ይልግ ነበር፤ መላጊያውን የሚገፋው በግራ እጁ ነው።

እንቁላሉ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም ትንሽ አዘነ። ልጁ የፈራው ነገር እውነት ሊሆን ነው።

«ቤቱን ለምን እንድትለቅ ፈለጉ?» ሲል በቀጥታ ጠየቀ።

አናጺው መላጊያውን አስቀመጠ። «ቤቱን ፈልጌ መስሎዎት ነው?»

«ሰው ብዙ ነገር ይፈልጋል።»

«ይኸውልዎት ቤት» አለ ሰውየው፣ በግራ እጁ ግቢውን እያሳየ። «ለራሴም ለልጆቼም በቂ ነው። ቅዳሜ ጠጋኙን ሱቁ አድርሼ፣ በሮች ጭኜ ወደ ደንበኛ ሄድኩ፤ ስንገጥም አመሸንና እዚያው አደርን። አብረውኝ ያደሩትን ሁለቱን ሠራተኞች ይጥሯቸው፣ ከኋላ ቀለም እየቀቡ ነው።»

ጠራቸው። ለየብቻ ጠየቃቸው። አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ያንኑ ተናገሩ፤ የደንበኛው ሚስት ያበላቻቸው ወጥ ጨው የበዛበት መሆኑን ጭምር። ኢንስፔክተሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም እንደዋለ ገባው።

«ግራኝ ነዎት» አለ ግን፣ እንዲሁ መተው ስላልሆነለት።

«ከልጅነቴ። ምነው?»

«የምራትዎን... ማለቴ የወንድምዎን ሚስት መቀስ ይዘው ያውቃሉ?»

አናጺው ሳቀ። «እሷ መቀሷን ለእኔ! አንዴ አንስቼው እጄን መታችኝ ብል ያምኑኛል? በግራ የያዙት መቀስ ይበላሻል ትላለች። ለባሏም ለልጇም አትሰጥም፣ እንኳን ለእኔ።» ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። «አሁን ግን... እኔ እንጃ። ሲመሽ ልጎበኛት ስሄድ ሳህን ከእጇ ሲወድቅ አይቻለሁ። ብርጭቆም ወድቋል። አንድ ቀን የሸሚዜን ቁልፍ ትከይልኝ ብዬ ሰጥቻት፣ ሳትተክለው መለሰችልኝ። ደክሟታል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ‹ነይ፣ እኛ ጋ እረፊ› ያልኳት ለዚያ ነው። ለልጁ ልደውልለት ስል ደግሞ በወንድሜ ነፍስ አስማለችኝ።»

«ምን ብለው ማሉ?»

«ከፈተናው በፊት ምንም እንዳልነግረው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መኪናው ተመለሰና ሳያስነሳው ተቀመጠ። ተከራይዋ ቁልፉን አሳየች፤ ቀጥሎ የተበላሸው ቁልፉ ነው። ሴቲንጉን አሳየች፤ ቀጥሎ የተበላሸው ሴቲንጉ ነው። ጠጋኙ ሽቦውን አሳየ፤ ቀጥሎ ሽቦው ተቆረጠ። ጥገናው ሁሉ ለሚቀጥለው ብልሽት ትምህርት ነበር፤ ትምህርቱን ደግሞ አንድም ቀን ያላቋረጠች አንዲት ተማሪ ነበረች። መኪናውን አስነሳ።

*

የሳሎኑ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ። ልብስ ሰፊዋ ዛሬም ጨርቋን እንደታቀፈች ከፈተች። አስተርጓሚዋም ከትምህርት ቤት በጥድፊያ ደርሳለች።

እንቁላሉ ምንም ሳይጠይቅ ፎቶው ሥር ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ወጣት ናት። ትንሹ ልጅ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ያያታል፤ እሷ እያወራችው ነው። ፎቶ አንሺው ቃሉን ከመሐሉ ይዞታል፦ ቀኝ እጇ አየር ላይ ነው፣ ጣቶቿ ተዘርግተዋል። የመርፌዋ ትራስ የታሰረችው ደግሞ እንደ ዛሬው በቀኝ ሳይሆን በግራ አንጓዋ ላይ ነው። በቀኝ የሚሰፋ ሰው መርፌ የሚነቅለው ከግራ አንጓው ነዋ።

«ትናንት ስታናግርሽ በየትኛው እጇ ነበር?» ሲል አስተርጓሚዋን ጠየቃት።

«በግራ። ግራኝ ናት።»

«ከዚህ በፊት ታውቂያታለሽ?»

«ኧረ ትናንት ነው የተዋወቅነው። ንግግሯ ትንሽ ይጎተታል፤ ፖሊስ ስላየች ደንግጣ ነው ብዬ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ከልብስ ሰፊዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ቆሞ ሊያናግራት አልፈለገም።

«ንገሪልኝ» አላት አስተርጓሚዋን። «ሽቦውን የቆረጠውን ሰው አውቄዋለሁ። አልቆጣውም። ቀኝ እጅዎን ብቻ ያሳዩኝ።»

ሴትየዋ ወደ ላፕቶፑ አየች። ከዚያ ከጨርቁ ሥር ቀኝ እጇን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል፤ ልትዘረጋቸው ሞከረች፣ እምቢ አሏት።

በግራ እጇ ማውራት ጀመረች። አስተርጓሚዋ በእሷ ቦታ ሆና ተናገረች።

«ልጄ በአፉ ከመናገሩ በፊት ነው በእጁ የተናገረው። የመጀመሪያ ቃሉ ወተት ነበር። ስቆጣም፣ ስቀልድም፣ ሲደክመኝም ከእጄ ያነበዋል። ሌላ እናት ስትታመም ስልክ ታነሳና ጉሮሮዋን ጠርጋ ‹ደህና ነኝ ልጄ› ትላለች። እኔ በምን ልዋሽ? እጄ መንተባተብ ጀመረ። አንዲት ቃል ብናገር ያውቅብኛል።»

«በግራዎ ቢያናግሩትስ?»

«በግራ ያናገርኩት ዕለትማ አበቃ! ቀኝሽ የት ሄደ ይለኛል። ለአባቱ ብሎ አንዴ ትምህርቱን ጥሎ መጥቷል። ለእኔ ብሎ ሁለተኛ እንዲጥል አልፈልግም። ፈተናው እስኪያልፍ ነበር፤ ከዚያ ራሴ እነግረው ነበር።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«እሱም ከፈተናው በኋላ።»

«የእርስዎ በሽታ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ካላንደር ነው እንዴ የሚከተለው?» አለ እንቁላሉ። አስተርጓሚዋ ስታስተላልፈው ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ልትል ነበር፤ ግን ቶሎ ተወችው። ወደ እሱ ጠጋ ብላ ለመነችው።

«ሌባው ተያዘ በልልኝ። ሌላ ምንም አትበለው።»

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። ማለት ይችል ነበር። ማለትም አማረው። ግን ልጁ ስልክ ላይ የተናገረው አልጠፋውም።

«ውሸቱንማ እዋሽልዎት ነበር። ልጅዎ ግን የሚፈልገው ሌባውን አይደለም፣ እርስዎን ማየት ነው። ካላየዎት አያምነኝም። ደግሞ ያልነገርኩዎት አለ፤ ትኬት ቆርጧል። ነገ ጠዋት ይሳፈራል።»

አስተርጓሚዋ አስተላለፈች። ልብስ ሰፊዋ ያልገባት መስላ እንድትደግምላት ጠየቀች። ደገመችላት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይህች ሴት ግን የፈራችውን በገዛ መቀሷ ነው ቆርጣ የጠራችው። ፊቷን በግራ እጇ ሸፈነች። የቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ቀረ። ኢንስፔክተሩ የገዛ መዳፉን በላዩ ላይ አኖረ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም።

ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቧል። አንድ አጭር ቃል ተናገረች።

«ጠጋኙን ጥራው ትላለች» አለች አስተርጓሚዋ።

*

ጠጋኙ አዲስ ሽቦ ይዞ መጣ። ክፈፉን በጥፍሩ አነሳ፣ አሮጌውን ነቀለ፣ አዲሱን ሰካ። በዚህ ጊዜ ለማንም ምንም አላብራራም። ካሜራው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት በራች።

የልጁ ፊት መጣ። ያልተላጨ፣ ዓይኑ ያበጠ፣ ከኋላው አልጋ ላይ የተከፈተ ሻንጣ። እናቱን ሲያይ ሁለት እጆቹ አንድ ላይ ተነሱ።

«‹እማዬ፣ ደህና ነሽ? ማን ነው? ማን ነው የነካሽ?›» እያለች አስተርጓሚዋ ለኢንስፔክተሩ በሹክሹክታ ታስተላልፍ ጀመር።

እናትየው በግራ እጇ መለሰች። ገና አንድ ቃል ሳትጨርስ የልጁ እጆች አየር ላይ ቆሙ። በሹክሹክታ መተርጎም አላስፈለገም፤ ፊቱ ሁሉንም ተናገረ። ያኔ ቀኝ እጇን አነሳችና ወደ ካሜራው አስጠጋችው። የሚንቀጠቀጠው እጅ የልጁን ስክሪን ሳይሞላው አልቀረም። ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

«‹ካሜራውን ማን ቆረጠው?›»

«‹እኔ።›»

ልጁ ተቆጣ። እጆቹ ፈጠኑ፤ አስተርጓሚዋ ለመከተል ታገለች። «‹እንዴት እንዲህ ታደርጊኛለሽ? ሌሊቱን ሙሉ ስንት ክፉ ነገር አሰብኩ! አጎቴን እንኳ...› ይላታል። እሷ ደግሞ ‹ትመጣለህ ብዬ ፈርቼ ነው› ትለዋለች። ‹ታዲያ ይኸው ልመጣ አልነበር ወይ?› ይላታል። ‹አትምጣ። ተፈተንልኝ› ትለዋለች።»

ልጁ ተነሳና ከስክሪኑ ወጣ። እናቱ ባዶውን ወንበር እያየች ቀረች። ጠጋኙ ሳይታዘዝ ካሜራውን ሊነካካ እጁን ሰነዘረ፤ ኢንስፔክተሩ ያዘው። ልጁ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ። ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አስገባና ተቀመጠበት።

በግራ እጁ ማውራት ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እየተሳሳተ፣ የጠፋበትን ጣት እየፈለገ።

«ምን ይላል?» አለ እንቁላሉ።

«ቆይ... በግራ ስላልለመደ ይንተባተባል።» አስተርጓሚዋ ዓይኗን ጠረገች። «‹ነገ ከአጎቴ ጋር ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። ማታ ማታ እጅሽን ታሳይኛለሽ። አንድም ቀን ከደበቅሽኝ ግን ወዲያው እሳፈራለሁ። ካሳየሽኝ ተፈትኜ እመጣለሁ› ይላታል። ቀጥሎ... ‹እስከዚያ እኔም እንዳንቺ በግራ ነው የማወራው› ይላታል።»

ልጁ «ፈተና» ሊል ሞከረ፤ እጁ ወደ ሌላ ሄደ። እናትየው ግንባሯን ቋጠረች። እንደዚያ አይደለም አለችውና በግራ እጇ አሳየችው። ደገመ፤ አሁንም ሳተ። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ድምፅ ያለው፣ ከሆድ የወጣ፣ እሷ ራሷ ግን የማትሰማው ሳቅ ነበር። ልጁ ስክሪኑ ውስጥ ሆኖ ሰማውና እሱም እያለቀሰ ሳቀ።

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አድርጎ ተነሳ። ጠጋኙን በክንዱ ይዞ ወደ በሩ መራው። ሊሰናበታት ወደ ኋላ ዞሮ ነበር፤ ግን እናትና ልጅ ለእሱ የሚተርፍ ዓይን አልነበራቸውም። እሷ ጣቷን አንስታ እንደገና ታሳየዋለች፤ ልጁም ከእሷ እያየ እንደገና ይሞክራል።